ከማን ጋር ተጫውቶ?

ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያ ቀን እህል የጫኑ አህዮች ከየአቅጣጫው ይገቡባታል። ገበያው ሲበተን ሻይ ቤቶቹ በወሬና በክርክር ይሞላሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ነው። ተማሪዎች ካሉበት ግን ወደ ኳስ መዞሩ አይቀርም።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ክርክር ተነሣ እንበል። ተማሪው፣ «የእኛ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ዘንድሮ 10 ጊዜ ተጫውቶ 8 ጊዜ አሸንፏል። የኢተያው 10 ተጫውቶ 6 ብቻ ነው ያሸነፈው። ስለዚህ እኛ እንበልጣለን» ይላል።

ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ አንድ አባት ቀና ይሉና፣ «ከማን ጋር ተጫውቶ ነው፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል።

«ምን ለውጥ አለው ጋሼ? 8 ከ6 ይበልጣል እኮ!»

«እስቲ ልጠይቅህ። አንዱ በሬ አሸዋማ መሬት ላይ 8 ቀን አረሰ። ሌላው መረሬ ላይ 6 ቀን አረሰ። የትኛው ነው ጠንካራው?»

ተማሪው መልስ አጣ።

የእኚህ አባት ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በሒሳብ የሠለጠኑ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ነው። ዛሬ በብዙ አገር መልሱን የሚያሰላው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ሜዳ ገብቶ አያውቅም፤ ኳስ ጨብጦም አያውቅም። ታዲያ የትኛው ቡድን እንደሚበልጥ ከየት አመጣው?

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የቅርጫት ኳስ የተጀመረው በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር በብርድ ወራት ቤት ውስጥ ለሚውሉ ተማሪዎቹ የሚሆን ጨዋታ ፈለገ። ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ከፍ አድርጎ ሰቀለና ኳስ እንዲወረውሩባቸው አደረገ። ቅርጫቶቹ ታቻቸው ድፍን ነበር። ስለዚህ ኳሷ በገባች ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ማውጣት ነበረበት። ዛሬ ቅርጫቱ ቀርቶ የብረት ቀለበትና መረብ ተተክቶበታል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 5 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው በእኩል ነጥብ አያልቅም። እኩል ከሆኑ 5 ደቂቃ ይጨመርላቸዋል፤ አሁንም እኩል ከሆኑ ሌላ 5 ደቂቃ።

ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲጋጠም ማድረግ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የእግር ኳስ ውድድር የሚካሄደው በዚህ መንገድ ነው። ለምሳሌ 16 ክለቦች በተካፈሉባቸው ዓመታት እያንዳንዱ ክለብ ከ15ቱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል። ለአንድ ክለብ 30 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 240 ጨዋታ ይሆናል ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት አዳማ ከተማም ሆነ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይጋጠሙ የነበረው ከአንድ ዓይነት ተጋጣሚዎች ጋር ነው። ስለዚህ «ከማን ጋር ተጫውቶ?» የሚል ጥያቄ አይነሣም። ላሸነፈ 3፣ እኩል ለወጣ 1 ነጥብ እየሰጡ መደመር ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቶች ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። 100 ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እርስ በርሳቸው ይገናኙ ቢባል እንኳ 4,950 ጨዋታ ያስፈልጋል። ተማሪ ፈተና አለበት። መኪና ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካሉት ጋር አሥርም አሥራ ሁለትም ጨዋታ አድርጎ ዓመቱ ያልቅበታል። በአሜሪካ ከ15 ሺህ የሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን አላቸው። እነዚህ በሙሉ ይገናኙ ቢባል የልጅ ልጆቻቸውም አይጨርሱትም።

«ታዲያ ደረጃው ለምን ያስፈልጋል? ዝም ብለው ቢጫወቱስ?» የሚል ይኖራል። ደረጃው የሚያስፈልገው ለዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነው። በዚያ ውድድር የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያሸነፈ ይቀጥላል። ይህ ጥሎ ማለፍ ይባላል። 8 ቡድኖች ቢኖሩ፣ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ይጋጠማሉ። እንዲህ ሲደለደል ሁለቱ ብርቱዎች እስከ መጨረሻው ቀን አይገናኙም። ድልድሉ በዘፈቀደ ከሆነ ግን ሁለቱ ብርቱዎች በመጀመሪያው ቀን ሊገጥሙ ይችላሉ። አንዱ በዚያው ቀን ይወድቃል፤ ደካማው ደግሞ ደካማ እየደረሰው ወደ ፊት ይሄዳል።

ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ወረዳ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። የዓመቱ ውጤት የተመዘገበው በየሰው ኪስ በነበረ ብጫቂ ወረቀት ላይ ነው። ድልድል የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግማሹ ወረቀት ጠፍቷል፤ ግማሹ በላብ ርሶ አይነበብም። ስለዚህ ደረጃው በቃል ወጣ። ብዙ የጮኸ መምህር ቡድኑን ወደ ላይ አስወጣ። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ አንድ የሴት ልጆች ቡድን ነበር። አሰልጣኛቸው ዝምተኛ ሰው ስለነበረ መጨረሻ ላይ ተመደቡ። በመጀመሪያው ጠዋት ከዋናው ብርቱ ቡድን ጋር ገጥመው በ3 ነጥብ ተሸነፉ። ስንቃቸውን እንኳ ሳይፈቱ ተመለሱ። በመኪናው ላይ አንዲቱ ልጅ፣ «እኛ ስንት እንዳሸነፍን የጻፈ ሰው የለም እንዴ?» ስትል ሰማኋት።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ኮምፒዩተር ማለት የታዘዘውን ሒሳብ ሳይደክም በጣም ፈጥኖ የሚሠራና የነገሩትን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ራቅ ያለ ነገር አይምሰላችሁ። በቴሌብር ብር ስትልኩ የቀረውን ሒሳብ የሚያሳውቃችሁ ኮምፒዩተር ነው። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚያሰላበትን መንገድ የሚያወጣለት ግን ሰው ነው። ቡድኖችን ለመመዘን ሰዎች ካወጧቸው መንገዶች ሁለቱን ብቻ እንይ።

የመጀመሪያው መንገድ የአባትን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነው። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 በቅርጫት ኳስ መጠቀም ጀመረ። በወንዶቹ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 በሌላ ስሌት እስኪተካ ድረስ ሠርቶበታል። በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይህን የመሰለ ስሌት ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የአንድ ቡድን ጉልበት ራሱ ባሸነፈው ብቻ አይለካም፤ የገጠማቸው ቡድኖችም ስንቱን እንዳሸነፉ ይታያል። ውጤቱ አራት እጅ ይደረጋል። አንዱ እጅ ራሱ ያሸነፈው ነው። ሁለቱ እጅ ተጋጣሚዎቹ ያሸነፉት ነው። የቀረው አንድ እጅ የተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ያሸነፉት ነው።

የሻይ ቤቱን ክርክር በዚህ እንመዝነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸውና የደራ ልጆች እንዳትቆጡኝ። ደራ ከ10 ጨዋታ 8 አሸንፏል፤ ከመቶ 80 ነው። የገጠማቸው ቡድኖች ግን ደካሞች ናቸው፤ ከመቶ 30 ብቻ ያሸነፉ ናቸው። የእነዚያ ተጋጣሚዎች ደግሞ 50 ናቸው። 80 አንድ ጊዜ፣ 30 ሁለት ጊዜ፣ 50 አንድ ጊዜ እንደምር። 190 ይመጣል። ለ4 ሲካፈል 47 ተኩል ይሆናል።

ኢተያ ከ10 ጨዋታ 6 አሸንፏል፤ ከመቶ 60 ነው። የገጠማቸው ግን ብርቱዎች ናቸው፤ ከመቶ 65 ያሸነፉ። የእነዚያ ተጋጣሚዎች 50 ናቸው። 60 አንድ ጊዜ፣ 65 ሁለት ጊዜ፣ 50 አንድ ጊዜ ሲደመር 240 ነው። ለ4 ሲካፈል 60 ይሆናል። እንግዲህ 6 ያሸነፈው 8 ካሸነፈው በለጠ። በመረሬ ላይ ያረሰው በሬ ማለት ይህ ነው።

ይህ በእጅ ሊሠራ የሚችል ሒሳብ ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ዛሬ ሲሬ ሁሩታን ቢያሸንፍ የሁለቱ ቁጥር ብቻ አይለወጥም። ከዚህ በፊት ሲሬን የገጠሙ ቡድኖች ሁሉ ቁጥራቸው ይለወጣል፤ እነዚያን የገጠሙትም እንዲሁ። አንዲት ጠጠር ኩሬ ውስጥ ስትወድቅ ውኃው ዳር ድረስ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሰው 100 ትምህርት ቤት በየሳምንቱ እንደገና ላስላ ቢል እርሳሱም ትዕግሥቱም ያልቃል። ኮምፒዩተሩ ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ይጨርሰዋል። ጥቅሙ ይኸው ነው። ከሰው የበለጠ ስለ ኳስ አያውቅም፤ ከሰው የበለጠ አይሰለችም።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ከቼዝ ነው። ቼዝ በአገራችን ቀድሞ ሰንጠረዥ ይባል የነበረው ጨዋታ ዘመድ ነው። አርፓድ ኤሎ በሃንጋሪ አገር የተወለደ፣ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። ቼዝ ይወድ ነበር። ተጫዋቾችን በትክክል የሚመዝን ስሌት አወጣና እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን ተቀበለው። በ1970 የዓለሙ ማኅበር ተቀበለው። ዛሬ በስሙ የኤሎ ስሌት ይባላል።

የኤሎን ስሌት በመዋጮ አስመስለን ብናየው ቶሎ ይገባናል። ሁለት ቡድኖች ሊጋጠሙ ሲሉ ሁለቱም ካላቸው ነጥብ ጥቂት ጥቂት አውጥተው መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። ያሸነፈ ሁሉንም ያነሣል። መዋጮው 20 ነጥብ ነው እንበል። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ከሆኑ ሁለቱም 10፣ 10 ያዋጣሉ። አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ ከሆነ ግን እኩል ማዋጣት ግፍ ነው። አራት ጊዜ ቢገናኙ ሦስቱን ያሸንፋል የሚባለው ብርቱ 15 ያዋጣል፤ ደካማው 5 ብቻ።

ለምሳሌ የአሰላ ቡድን 180 ነጥብ፣ የደራ ቡድን 110 ነጥብ ይዘው ገጠሙ። አሰላ 15፣ ደራ 5 አዋጣ። አሰላ ቢያሸንፍ 20ውን ያነሣና 185 ይሆናል፤ ደራ 105 ይቀረዋል። ያገኘው 5 ብቻ ነው። ያሸንፋል የተባለው ስላሸነፈ ብዙ አያስመሰግነውም። ደራ ቢያሸንፍ ግን 20ውን አንሥቶ 125 ይሆናል፤ አሰላ ወደ 165 ይወርዳል። ደካማ የተባለው ብርቱን ሲጥል 15 ነጥብ አተረፈ። ብርቱው 15 ከሰረ።

በዚህ ስሌት አንድ የምወደው ነገር አለ። ከጨዋታው በፊት የሁለቱ ድምር 290 ነበር። ከጨዋታው በኋላ አሰላ ቢያሸንፍም፣ ደራ ቢያሸንፍም፣ ድምሩ 290 ነው። ደምሩና እዩት። መዋጮው ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል እንጂ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለዚህ የሁሉም ትምህርት ቤቶች ነጥብ ተደምሮ ከመጀመሪያው ድምር ካልገጠመ አንድ ቦታ ስሕተት ተሠርቷል፤ ወይም አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል።

የኤሎ ስሌት ዛሬ የእኛንም ብሔራዊ ቡድን የሚመዝን ነው። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ የአገሮችን ደረጃ ማውጣት የጀመረው በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. የድሮውን ስሌት ጥሎ የኤሎን ዓይነት ያዘ። የፊፋ መዋጮ እንደ ጨዋታው ክብደት ይለያያል። ለወዳጅነት ጨዋታ 5 ወይም 10 ነው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 25 ነው። ለዓለም ዋንጫው 50፣ ወደ መጨረሻ ሲቃረብ ደግሞ 60 ይሆናል። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት ከ200 በላይ ከሆኑት አገሮች መካከል ከ130ኛ በታች ቆይታለች። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ ነበር። ያ ድል ለታሪክ የሚቀመጥ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ግን የለም። ያኔ ደረጃ የሚያወጣ አልነበረም፤ ቢኖርም ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጨዋታዎች በተጠረገ ነበር። ስሌቱ አባትህ ማን ነበር አይልም፤ አምና ከዘንድሮ ማንን አሸነፍክ ይላል።

ፊፋ የድሮውን ስሌት ለምን ጣለ? ሰዎች መግቢያ ቀዳዳውን ስላገኙት ነው። በድሮው ስሌት አንድ አገር በዓመት ያገኘው ነጥብ ለጨዋታው ቁጥር ይካፈል ነበር። የወዳጅነት ጨዋታ የሚሰጠው ነጥብ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የወዳጅነት ጨዋታ ያበዛ አገር፣ ቢያሸንፍም እንኳ፣ አማካዩ ይወርድበታል። አንድ ገበሬ ጥሩ ማሳውን ብቻ መዝኖ፣ ድንጋያማውን ሳይዘራ ቢተው፣ የሄክታሩ አማካይ ምርት ከፍ እንደሚልለት ነው። ፖላንድ ይህን አወቀችበት። እ.ኤ.አ. ለ2018 የዓለም ዋንጫ ድልድል ሲወጣ ከወዳጅነት ጨዋታ ተቆጥባ ቆይታ 6ኛ ደረጃ ላይ ተገኘች። ከብርቱዎቹ ጋር በመጀመሪያው ቋት ተቀመጠች። ስፔን 8ኛ ሆና ወደ ሁለተኛው ቋት ወረደች። ውድድሩ ሲጀመር ግን ፖላንድ በሴኔጋል 2 ለ 1፣ በኮሎምቢያ 3 ለ 0 ተሸንፋ ከምድቧ መጨረሻ ሆነች። በወረቀት የወጣ ሰው ሜዳ ላይ ይታያል።

ሌላም የሚያከራክር ነገር አለ። በ2 ነጥብ ያሸነፈና በ50 ነጥብ ያሸነፈ እኩል ይቆጠሩ ወይ? ልዩነቱ ስለ ጉልበት የሚናገረው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ነገር ግን ስሌቱ ልዩነትን ከቆጠረ ብርቱው ቡድን ደካማውን ያለ ርኅራኄ ይደበድበዋል። በተማሪዎች ጨዋታ ይህ ነውር ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አዲሱን ስሌት ሲጀምሩ ከ10 ነጥብ በላይ ያለው ልዩነት እንዳይቆጠር አደረጉ፤ በ2020 ደግሞ የነጥብ ልዩነትን ከስሌቱ አወጡት። እኔ ለትምህርት ቤት ልጆች ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ቢቆጠር ይበቃል ባይ ነኝ።

ኮምፒዩተሩ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአርሲ ትምህርት ቤቶች እርስ በርሳቸው ብቻ ተጫወቱ፤ የባሌዎቹም እርስ በርሳቸው ብቻ ተጫወቱ እንበል። በሁለቱ መካከል አንድ ጨዋታ እንኳ ካልተደረገ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያውቅ ኮምፒዩተር የለም። በሁለት ገበያ ሁለት ዓይነት ቁና እንዳለ ነው። የአንዱ ገበያ 5 ቁና ከሌላው ገበያ 5 ቁና ይበልጥ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰው አንዱን ቁና ተሸክሞ ወደ ሌላው ገበያ መሄድ አለበት። ያ ሰው በመካከል የሚደረገው ጨዋታ ነው። ደግሞም ኮምፒዩተሩ ዋናው ተጫዋች በወባ ተኝቶ እንደነበር አያውቅም። ዳኛው ያዳላ እንደሆነ አያውቅም። 48 የነበረውን 84 ብለው ቢነግሩት እሺ ብሎ ይቀበላል። የዘሩበትን ነው የሚያበቅለው።

በሰኔ 2005 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ ከፊፋ መጥፎ ወሬ መጣ። ለካ ቦትስዋና ላይ ከተሰለፉት ተጫዋቾች አንዱ ቀደም ብሎ በሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ ነበር። በደንቡ አንድ ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ሁለቱን ቢጫ ቆጥሮ «ይህ ልጅ ዛሬ አይሰለፍም» ያለ ሰው አልነበረም። ሜዳ ላይ የተገኘው 3 ነጥብ ተወሰደ፤ ጨዋታው 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ። ቡድኑ ቀሪውን ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰና በኋላ በናይጄሪያ ተሸንፎ ቀረ። 11 ሰዎች በላብ ያገኙትን 3 ነጥብ የወሰደው ሁለት ጭረት ወረቀት ላይ አለመጻፉ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው በእግር ኳስም ይሠራል።

እንግዲህ በቀበሌያችሁ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ደረጃ ለማውጣት ኮምፒዩተር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። 8 ቡድን ቢሆን የመዋጮው ስሌት በእርሳስና በደብተር ይሠራል። ለሁሉም 100፣ 100 ነጥብ ስጡና ጀምሩ። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር መዝገቡ ነው። በአንድ መሥመር ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሁለቱን ቡድኖች ስም፣ የሁለቱን ነጥብ ጻፉ። ነጥቡን በቁጥርም በፊደልም መጻፍ ይሻላል፤ 48 ወደ 84 እንዳይዞር «አርባ ስምንት» ተብሎ ይጻፍ። ዳኛው ይፈርም። ሁለቱም አምበሎች ሜዳውን ሳይለቁ ይፈርሙ። ነገ ላድርገው የተባለ ፊርማ ጠብ ይሆናል። ያልመጣ ቡድን ካለም ይጻፍ። በዓለም የቅርጫት ኳስ ደንብ በምድብ ውድድር ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል። የተሸነፈም መጥቶ ስለተጫወተ 1 ነጥብ አለው። ሳይመጣ የቀረ ግን 0 ነው።

ደብተሩን ማን ይያዝ? ከተጫዋቾቹም ከመምህራኑም ያልሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ቢሆን ይመረጣል። ድምሩን በየሳምንቱ ይሥራ። 8 ቡድን በ100 ነጥብ ከጀመረ ድምሩ ሁልጊዜ 800 ነው። ለማንም ሰው፣ ለተሸነፈውም ጭምር፣ ደብተሩ ክፍት ይሁን። የደራው ተማሪም በሚቀጥለው ገበያ ቀን ደብተሩን ይዞ ይምጣና እኚያ አባት «ከማን ጋር ተጫውቶ?» ሲሉት ገጹን ገልጦ ያንብብላቸው፤ ወይም ራሳቸው ያንብቡት።